አርባው እስኪወጣ የተዘጋው ቴፕ

ልጆቹ ናቸው ያናገሩኝ። ሞጣ፣ ሴቷ ልጄ ቤት ምስር ስለቅም የልጅ ልጄ ስልኩ ላይ አንድ የፈረንጅ ዘፈን ከፈተ። "በደርግ ጊዜ የወጣ ነው፤ ሙሉውን ካሴት አገኘሁት" ይላል ለእህቱ። እኔ እጄን ምስሩ ውስጥ እንደከተትሁ፣ ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት ዜማውን ቀደምሁት። ሁለቱም ዞረው አዩኝ።

"እማማ! እርስዎ ደግሞ ይህን ከየት ያውቁታል?"

"ከቢቸና" አልሁ።

ሳቁ። ከዚያ ካልነገሩን ብለው ያዙኝ። ለእነሱ ግማሹን ነገርኋቸው። ሌላውን በአፌ ማውጣት አልቻልሁም፣ እዚህ ልጻፈው።

ያን ጊዜ ቢቸና ነበርን። መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመት አልፏል። የበኩር ልጄ ማትሪክ ወድቆ ቤት ተቀምጧል። ጓደኞቹ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ሊወርዱ ይመካከራሉ፤ የእሱም ልብ እዚያው ነው። አገሩ ወንድሜን ያስቀረብኝ ነውና እኔ ቆላ ሲባል አማትባለሁ። ብቻ እንዳይሄድብኝ ነበር ጸሎቴ ሁሉ።

የዚህን ዘፈን ካሴት ለልጄ የሰጠው ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ መምህሩ ነው፤ ሲዛወር ትቶለት ሄደ። ሽፋኑ ላይ ጸጉራቸውን እንደ ሴት የለቀቁ ወንዶች አሉ። ልጄ የክፍሉን በር ገርበብ አድርጎ ቴፑን ጠዋት ይከፍተዋል፣ ከሰዓትም ይከፍተዋል። ከሰው አይነጋገርም። አንድ ቀን አባቱ ከደጅ ሆኖ፣

"ይህ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚጮኸው? በሬው ገደል ገባበት?" አለ።

"ስለ ፍቅር ነው፣ አባዬ።"

"እንዲህ ጮሆባትማ እንኳን ልትወደው፣ ያለችበትንም አገር ጥላ ትጠፋለች።"

ልጄ በዚያ ክረምት ሲስቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ሳቁን ተከትዬ ገባሁ። የምፈትለውን ጥጥ ይዤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። ውጪ አላለኝም። ከዚያ ወዲያ ቴፑ ሲከፈት እንዝርቴን ይዤ መግባት ልማዴ ሆነ። ስለ መሄድ እኔም አላነሣ፣ እሱም አያነሣ። አንዱ ገጽ ሲያልቅ ይገለብጠዋል፣ እኔም እቀመጣለሁ። ባትሪው ሲደክም ዘፋኙ ያረጃል፣ ድምፁ ይጎተታል። ያን ጊዜ ባትሪዎቹን ፀሐይ ላይ አሰጣቸዋለሁ፤ እሱ ደግሞ በጥርሱ ነከስ ነከስ አድርጎ ይመልሳቸዋል።

ወደድሽው ወይ ብትሉኝ፣ እንጃ። ቃሉን አላውቀው። የእኛ አዝማሪ ሲዘፍን የማሲንቆው ፍቀት ይሰማል፣ ጠላ የጠጣ ጉሮሮው ይሰማል። ይህ ግን እንደ ተወለወለ የቀንድ ዋንጫ ነው፣ ሻካራ የለውም። ከበሮው እንደ ነጎድጓድ ይመጣል፣ ዝናብ ግን የለውም። ሰውዬው ያን ያህል ሲጮኽ አንድም ጊዜ ትንፋሽ አያጥረውም። "ይህስ አዝኖ አይደለም፣ ማዘን እንዴት እንደሆነ ሲያሳየን ነው" ብዬው ነበር ልጄን።  አሁን በልጅ ልጄ ስልክ ስሰማው ጭራሽ ጠርቷል። የእኛው ካሴት መሀሉ ላይ ክሩ ተጨማድዶ የሚያነቅፈው ቦታ ነበረው። ዘፈኑ እዚያ ሲደርስ ጠበቅሁ፤ ሳያነቅፈው አለፈ።

ክረምቱ ሲወጣ የጎረቤታችን ባል ሞተ። አጥር የምንጋራ ነን። ለቅሶ ቤት አጠገብ ዘፈን አይከፈትም፤ አርባው እስኪወጣ ቴፕም ሬዲዮም ዝም ይላል። ልጄ ማንም ሳይነግረው ዘጋው። እኔም ቴፑን በነጠላ ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥሁት።

ከቀብሩ በኋላ እንዝርቴን ይዤ እስከ በሩ ሄድሁ። ክፍሉ ጭጭ ብሏል። ምን ብዬ ልግባ? ያለ ቴፑ ከገባሁ "አትሂድ" ልለው ነው። እሱም "እሄዳለሁ" ይለኛል፤ አንዴ ከአፉ ከወጣ ደግሞ አይመልሰውም። ተመለስሁ። በሌላውም ቀን እንዲሁ። በሩ እንደ ወትሮው ገርበብ እንዳለ ነው።

አርባው ሳይወጣ ሄደ። ለቅሶ ቤት ውሃ አድርሼ ስመለስ አልጋው ተነጥፎ አገኘሁት። በዓመቱ መርዶው መጣ። ወባ ነው አሉ። የት እንደተቀበረ እንኳ በወጉ የነገረኝ የለም።

አባቱም ካረፈ በኋላ ወደ ሞጣ መጣሁ። ከብዙ ዘመን በኋላ አንድ የገበያ ቀን፣ አብሮት መተማ የወረደው ጓደኛው አይቶ አወቀኝ። ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል። ጉልበቴን ሳመኝ። ጥላ ስር ተቀመጥንና ልጄ እዚያ ሳለ ምን ይበላ፣ የት ይተኛ እንደነበር ጠየቅሁት። በመጨረሻ፣

"ያ የሚወደው ካሴት በረሃ ላይ ናፍቆት ይሆን?" አልሁት።

"የፈረንጁ? ኧረ እናቴ! እሱ እኮ ገና ቢቸና ሳለን ነው የሰለቸው። እኛማ 'ምናለ ብትቀይረው፣ ጆሯችን ደነቆረ' እያልን እንጨቀጭቀው ነበር።"

"ታዲያ ለምን ይከፍተዋል?"



"'እሱን ስከፍት እማዬ እንዝርቷን ይዛ ትገባለች' ይለን ነበር።"