ቁም ያልተባለው አውቶብስ

ጁምዓ ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ የእትዬ ዘሀራ ወንድም ጀናዛ ከቤት ወጣ። እትዬ ዘሀራ አልደረሱም ነበር። ዛሬም ቆቦ መናኸሪያ ረዳት የአውቶብስ በር ሲደበድብ ስሰማ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ያ ቀን ነው።

እትዬ ዘሀራ የእናቴ ባልንጀራ ናቸው፤ ከእኛ ጋር አንድ ግቢ ይኖሩ ነበር። የትውልድ መንደራቸው በቆቦና በጎብዬ መሀል ነው። በዚያን ጊዜ ሰው ወደዚያ የሚሄደው በእግሩ ወይም የጭነት መኪና ላይ ወጥቶ ነበር፤ የጭነት ሾፌር ደግሞ መውረጃን አስቀድሞ ጠይቆ፣ ቦታው ሲደርስ ራሱ ያቆም ነበር። ክረምቱ ወጥቶ የወንዞቹ ጎርፍ ሲጎድል፣ በየመንገዱ እያነሳና እያወረደ ጎብዬ የሚደርስ አውቶብስ ተጀመረ። እናቴ በሳምንቱ እኔን ይዛ ተሳፍራበት፣ የወንበሩን ልስላሴ ለሰፈሩ ሁሉ ስታወራ ከረመች።

መርዶው የመጣው ማሽላ በሚታጨድበት ሰሞን፣ ጎህ ሲቀድ ነው። እትዬ ዘሀራ ጀናዛው ሳይወጣ የወንድማቸውን ፊት ለማየት በእግራቸው ሊነሱ ሲሉ፣ እናቴ በር ላይ ያዘቻቸው።

«አንች ዘሀራ፣ አውቶብስ እያለልሽ በዚህ ሐዘንሽ በእግርሽ?»

አውቶብሱ እስኪሞላ ረፋዱ አለቀ። ከዚያ እትዬ ዘሀራ ሾፌሩ ራሱ የሚያቆም መስሏቸው ዝም ብለው ተቀምጠው፣ መንደራቸውን በመስኮት እያዩት አለፉ።

ጎብዬ ላይ ረዳቱ፣ «እማማ፣ ታዲያ ወራጅ አለ አይሉም?» አላቸው።

«እኔ ነኝ አዛዡ? ሾፌሩ አገሩን አያውቀውም ወይ?» ሲሉ ተሳፋሪው ሳቀ።

በእግራቸው ተመልሰው ሲደርሱ ወንዶቹ ከመቃብር እየመጡ ነበር።

ለቅሶው አልቆ ቆቦ በተመለሱ ቀን፣ «አንችስ ይችን ቃል ታውቂያት ኖሯል?» ብለው እናቴን ጠየቋት።

እናቴ ምድጃውን እየቆሰቆሰች፣ «ወላሂ፣ እኔም አላውቃት» አለች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። በዚያ በመጀመሪያው ጉዟችን «ወራጅ አለ!» ብላ ስትጣራ ሰምቻታለሁ።

ዛሬ በዚያ መንገድ ሚኒባሱ ይተካካል፣ በየመታጠፊያው ባጃጅ ይቆማል። እናቴና እትዬ ዘሀራ አርጅተዋል፤ በየጊዜው ተያይዘው ወደ እትዬ ዘሀራ ዘመዶች ይሄዳሉ። እናቴ ብቻዋን ስትሳፈር ድምጿ ከኋላ ወንበር ሾፌሩ ጋ ይደርሳል። ከእትዬ ዘሀራ ጋር ስትሆን ግን ቃል አትተነፍስም። እትዬ ዘሀራም ያችን ቃል ተናግረዋት አያውቁም።

ባለፈው ቅዳሜ አብሬያቸው ተሳፍሬ ነበር። በመንደሩ ስናልፍ ማናችንም «ወራጅ አለ» አላልንም። ጎብዬ ወረድን።