የእትዬ ቀንሱ ጨረታ

ጎረቤቴ የጨርቅ ነጋዴ ናት። ሠላሳ ስምንት ዓመት ጣቃ ስትዘረጋና ስትጠቀልል ኖራለች። ዓይኗን ጨፍና በሁለት ጣቷ ብትዳብስ ንጹሑን ጥጥ ከድብልቁ ትለያለች። ወላጆቿ ያወጡላትን ስም የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ ቀንሱ» ይላታል። ሰው ሱቅ ሲገባ «እንደምን ዋላችሁ» ይላል፤ እሷ ስትገባ የመጀመሪያ ቃሏ «ቀንሱ» ነው። ዋጋውን ከመጠየቋ በፊት ማለቴ ነው። አንድ ጊዜ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወስጃት፣ አፏ ተከፍቶ፣ መርፌው ድዷ ውስጥ ተሰክቶ ሳለ፣ ሁለት ጣቷን አንሥታ «ሁለት ቀንስ» ስትል በዓይኔ አይቻለሁ። ሐኪሙም ቀነሰ።

እኔ ከእሷ በላይ ባለው ፎቅ የምኖር፣ ዕድሜዬን ሴራሚክ ሳነጥፍ የፈጀሁ ሰው ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ስድስት ዓመቴ፣ ኮምፒውተር የነካሁት በሰባ አንድ ዓመቴ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ የእኔ ድርሻ ጣት ብቻ ነው። አፉ የእሷ ነበር።

ነገሩን ያመጣው ምርቃት ነው። የወንድሟ ልጅ በትልቁ ከተማ በሕክምና ልትመረቅ ሆነና እትዬ ቀንሱና ታናሽ እህቷ ለመሄድ ተነሡ። ታናሽየዋ የመድኃኒት ቤት ገንዘብ ተቀባይ ናት። ዋጋው ካርቶኑ ላይ ተጽፎ ይመጣል፣ እሷ ታነባለች፣ ሰው ይከፍላል። በሃያ ዓመት ውስጥ የተከራከራት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እህቷ ናት።

ታናሽየዋ ርካሽ ማረፊያ በኢንተርኔት እንድፈልግላቸው ብላ እህቷን ይዛ እኔ ቤት መጣች።

«ለአንድ ሌሊት ነው፤ አንሶላው ንጹሕ ከሆነ ይበቃናል» አለች።

«እኔ የማድረው ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል ነው» አለች እትዬ ቀንሱ።

«በየትኛው ገንዘብሽ?»

«በአፌ!»

ለካ አንድ ደንበኛዋ አስተምራታለች። ትልልቅ ሆቴሎች ያልተያዘ ክፍላቸውን በኢንተርኔት በጨረታ ይሸጣሉ። የከተማውን ሰፈርና የኮከቡን ብዛት ትመርጣለህ፣ ከዚያ የምትከፍለውን ዋጋ ትጽፋለህ። የሆቴሉን ስም አያሳዩህም። እሺ ካሉ ገንዘቡ ወዲያው ይቆረጣል፣ ስሙም ያን ጊዜ ይገለጣል፤ መመለስ የለም። እምቢ ካሉ ደግሞ እስከ ነገ ትጠብቃለህ።

«ባዶ አልጋ እኮ የመሸበት ቲማቲም ማለት ነው» አለች። «የእኔ ጨርቅ ዛሬ ባይሸጥ ነገ ይሸጣል። የዛሬ ሌሊት አልጋ ነገ ለማን ይሸጣል?»

ታናሽየዋ ሳቀች። «እትዬ፣ አንቺ የለመድሽው ሰው መለመን ነው። ይሄ ማሽን ነው። ማሽን አይለመንም።»

«የሠራው ሰው አይደለም? እናት የለውም?»

«እንወራረድ!»

ውርርዱ እንዲህ ሆነ። ክፍሉን በጨረታ ካገኘች፣ ሆቴሉ ውስጥ አምስት እንግዶች ይጠየቃሉ። ዋጋቸው ከእሷ ያነሰ አንድ ሰው እንኳ ከተገኘ፣ ወይም ጨረታው ጭራሹን ካልተሳካላት፣ እትዬ ቀንሱ አንድ ዓመት ሙሉ ሻጭ የጠራውን አፏን ዘግታ ትከፍላለች። ሁሉም ከበለጧት ደግሞ ታናሽየዋ ዓመቱን በሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቋ እየመጣች ጣቃ ትጠቀልላለች።

ዓመት ሙሉ «ቀንሱ» ሳይሉ መኖር! ዓሣን ደረቅ መሬት ላይ ተቀመጥ ማለት ነው። እትዬ ቀንሱ ግን «ይሁን!» አለች። እጅ ለእጅ ተመታቱ፤ ምስክሩ እኔ ሆንኩ።

ሰኞ ጀመርን። የክፍሉን መደበኛ ዋጋ መቶ ብላችሁ ያዙልኝ።

«ሃያ ይበሉ ጋሼ።»

«ኧረ ይሰድቡናል!»

«የት ያዩዎታል?»

ጻፍኩ። ማያ ገጹ ላይ ትንሽ ክብ ዞረች፣ ዞረችና ቆመች። «ይቅርታ፣ ያቀረቡት ዋጋ ተቀባይነት አላገኘም» ብዬ አነበብኩላት።

ዓይኗ በራ። «ይቅርታ አለ? ይቅርታ የሚል ነጋዴ ልቡ ስስ ነው። ይዝጉትና እንሂድ።»

«ወዴት?»

«ጀርባ እንስጠው እንጂ!»

የገበያ ዋናው መላ ይህ ነው። ዋጋ አልስማማ ሲል ትተህ ትሄዳለህ፤ ግን ቀስ ብለህ፣ ጆሮህን ወደኋላ ትተህ። እሷ እንደምትለው ነጋዴ በሰባተኛው እርምጃ ይጠራል። ኮምፒውተሩን ዘግቼ ተከተልኳት። ሦስት ፎቅ ወርደን የግቢው በር ላይ አሥር ደቂቃ ቆምን። በዚህ ዕድሜዬ ማሽን ሳኮርፍ የመጀመሪያዬ ነው። ተመልሰን ወጣንና ከፈትኩት።

«ጠራኝ?»

«አልጠራም።»

«አፉን ዘግተውት በምን ይጥራ!»

«ዝጉት ያልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«ዝጉት አልኩ እንጂ አፍኑት አልኩ?»

ማክሰኞ ሠላሳ አልን። አሁንም ይቅርታ አለ። በዚህ ጊዜ ኮምፒውተሩን ከፍተን፣ የቤቱንም በር ከፍተን ትተን ደረጃውን መውረድ ጀመርን። ታናሽየዋ ከሥራ መጥታ ሶፋዬ ላይ ተቀምጣ ትስቃለች። ሁለተኛው ፎቅ ሳንደርስ ከላይ «ጢው» የሚል ድምፅ መጣ።

እትዬ ቀንሱ ጉልበቷን እንደሚያማት ሰፈሩ ያውቃል። ያን ዕለት ግን ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች። ስደርስ ማያ ገጹ ላይ «አርባ አምስት ቢያደርጉት ክፍሉ የእርስዎ ነው፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል» የሚል ተጽፏል።

«ጠራኝ! ጋሼ፣ ጠራኝ! ማሽኑ ጠራኝ!» ኮምፒውተሩን ከጀርባው ሳመችው።

ታናሽየዋ ሳቋ ጠፋ። ባለ አምስት ኮከብ ክፍል ከግማሽ ዋጋ በታች! ውርርዱንም ረስታ «በይ ተቀበይው!» ብላ ጮኸች።

«አልቀበልም።»

«ምን?»

«በመጀመሪያ ጥሪ የሚመለስ ገዢ የት አይተሻል? አርባ አምስት ብሎ የጠራኝ ሠላሳ አምስትም ይላል። እኔ አርባ አምስት ከፍዬ አንዷ በአርባ ተኝታ ብትገኝስ? ዓመቴን በላሽው!»

ማያ ገጹ ጥግ ላይ ቁጥር ወደታች ይቆጥራል።

«ይሄ ምንድነው?»

«የቀረን ጊዜ ነው» አልኳት።

«ሰዓት የሚያሳየኝ ነጋዴ ዕቃው አልሄደለትም።» ወንበሯን አዙራ ጀርባዋን ለኮምፒውተሩ ሰጠችና ጣሪያ ጣሪያ እያየች ማንጎራጎር ጀመረች። እኔ እቆጥራለሁ፤ አምስት ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፣ ሠላሳ ሰኮንድ። ታናሽየዋ መጋረጃዬን ጨምድዳ ይዛለች። ዜሮ ሆነ። ጽሑፉ ድርግም ብሎ ጠፋ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለች ታናሽየዋ፣ መጋረጃውን እያስተካከለች።

እትዬ ቀንሱ ማንጎራጎሯን አቆመች። ስትወጣ በሩ ላይ ዘወር ብላ፣ ሰምቼው በማላውቅ ቀጭን ድምፅ «ጋሼ፣ ነገም ይጠራኛል አይደል?» አለችኝ።

ረቡዕ የመጨረሻው ቀን ነው፤ ሐሙስ ጠዋት ይሳፈራሉ። ታናሽየዋ የርካሹን ማረፊያ ስልክ በወረቀት ጽፋ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛለች። እትዬ ቀንሱ የክት ልብሷን ለብሳ፣ ጫማዋን አስወልውላ መጣችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ስንት ልበል?»

«ሃያ ስምንት።»

«ኧረ ወረድሽ! ትናንት እኮ ሠላሳ ነበር።»

«ትናንት ስለኮራብኝ ይቀጣ።»

ዓይኔን ጨፍኜ ተጫንኩ። ጣቴን ሳላነሣ ማያ ገጹ ላይ ቀይና ቢጫ የወረቀት ብጣሽ ይዘንብ ጀመር። «እንኳን ደስ ያለዎት!» ይላል። የሆቴሉም ስም ወጣ፤ በፖስታ ካርድ ላይ የምናየው፣ የከተማው ረጅሙ የመስታወት ሕንፃ ነው! ታናሽየዋ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔም ክብሬን ረስቼ አጨበጨብኩ። ዘወር ብዬ እትዬ ቀንሱን ሳያት ፊቷ ዐመድ መስሏል።

«እሺ አለ?»

«አለ እንጂ!»

«ወዲያው?»

«ጣቴን ሳላነሣ!»

«ሳይከራከር?»

«አንዲት ቃል ሳይናገር!»

«ተበላሁ!» ብላ ጭንቅላቷን ያዘች። «ሃያ ስምንት ስለው ዓይኑን ያላሸው ለሌላው በሃያ ሰጥቶ ነው! ወይኔ ዓመቴ!»

ገበያ ላልኖረ ሰው ይህ እብደት ይመስለዋል። ነገር ግን ለተከራካሪ ሰው ከእምቢታ ይልቅ ፈጣን እሺታ ያስፈራዋል። የተታለለ ሰው መታለሉን የሚያውቀው ሻጩ ሳያንገራግር ሲጠቀልልለት ነው። በማግስቱ አውቶቡስ ውስጥ ስድስት ሰዓት ሙሉ «በሃያ ሰጥቶታል» እያለች ሄደች አሉ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ከሁለቱም ለየብቻ ሰምቼ፣ የተስማሙበትን ነው የምጽፈው። የሆቴሉ ወለል እብነ በረድ ነው። መጋጠሚያው ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ጠይቄያቸው ነበር፤ ሁለቱም አላዩትም፤ አዝናለሁ። አልጋው ሁለቱ ከዳር ዳር ተኝተው ቢጠራሩ የማይደማመጡበት ነው። ትራሱ አሥር ነው። ታናሽየዋ ባዶው የገላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ከነልብሷ፣ ከነጫማዋ ተጋድማ ስትስቅ፣ እትዬ ቀንሱ መጋረጃውን በሁለት ጣቷ ዳበሰች። «ድብልቅ ነው» አለችና እህቷን ጎትታ ሊፍት ውስጥ ገባች። ሰው ከሊፍት የት ይሄዳል?

መጀመሪያ የገባው ከረባት ያሰረ ሰው ነው።

«ልጄ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፤ ለክፍልህ ስንት ከፈልክ?»

ሰውየው ግራና ቀኝ አየና በሹክሹክታ ነገራት። ድፍን መቶ! «አይዞህ፣ ያጋጥማል» ብላ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። ቀጥለው ሁለት ሙሽሮች ገቡ፤ የእነሱ ዋጋ ሰማንያ ነው። ከዚያ ባለ ከዘራ አሮጊት ገቡ፤ የአሥር ዓመት ደንበኛ ስለሆኑ በሰባ ተደርጎላቸዋል። «አሥር ዓመት ሙሉ ሰባ! እናቴ፣ ምነው ዝም አሉ?» ብላ ልታለቅስላቸው ደረሰች። ሙሽሮቹን እንደ አንድ ቆጥረው አራተኛው ስልሳ አለ። እትዬ ቀንሱ በዘጠነኛውና በአሥረኛው ፎቅ መካከል እስክስታ ወረደች። ታናሽየዋ ቦርሳዋን ይዛላት ቆማ፣ የቅዳሜዎቿን ጣቃዎች ትቆጥራለች።

አንድ ሰው ብቻ ቀረ። በሩ ተከፈተና ባለ ጎማ ሻንጣ የምትጎትት፣ የደንብ ልብስ የለበሰች የአውሮፕላን አስተናጋጅ ገባች።

«ልጄ፣ ለክፍልሽ ስንት ከፈልሽ?»

«እኔ? ምንም። መሥሪያ ቤቴ ነው የሚያስተኛን።»

ታናሽየዋ ቦርሳውን ለእህቷ መለሰችላት።

«እትዬ» አለች ታናሽየዋ፣ ማር እየላሰች በሚመስል ድምፅ፣ «ምንም ማለት ከሃያ ስምንት ያንሳል ወይስ ይበልጣል? እኔ የመድኃኒት ቤት ሰው ነኝ፤ አንቺ ንገሪኝ።»

«እሷን መሥሪያ ቤቷ ነው የከፈለላት! ይሄ ምን ዋጋ ነው!»

«ለእሷ ስንት ወጣባት?»

ሦስት ፎቅ ተጨቃጨቁ። አስተናጋጇ መውረጃዋ አልፏት፣ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። በመጨረሻ እትዬ ቀንሱ ሻርፗን አስተካከለች። «እጅ መትቻለሁ» አለች። «ቃሌን አላጥፍም። ከዛሬ ጀምሮ አፌን ዘጋሁ።» ይህን ስሰማ በጎረቤቴ ኮራሁ።

ቅጣቷንም ነገ አላለችም። ምድር ቤት ካለችው ትንሽ ሱቅ ገብታ ለተመራቂዋ ልጅ የሐር ሻርፕ መረጠች። በሁለት ጣቷ ዳበሰችው፤ ንጹሕ ነው። «ስንት ነው?» አለች። ሻጯ ልጅ ጠራች። ታናሽየዋ እንደምትምለው፣ የእህቷ ጉሮሮ ትልቅ ኪኒን ያለ ውኃ እንደሚውጥ ሰው ከፍ ዝቅ አለ። ከፈለች። የተጠቀለለውን ይዛ ጀርባዋን ሰጠችና ሄደች። እግሯ ግን የለመደውን አይተውምና ቀስ ብላ ነው፣ ጆሮዋን ወደኋላ ትታ። ታናሽየዋ ሳታስበው እርምጃዋን ትቆጥራለች። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፤

«እናቴ! እናቴ፣ ይመለሱ!»

ሻጯ ልጅ እየሮጠች መጣች። «የክፍልዎን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ረሱት። እንግዳችን መሆንዎን መች አወቅኩ! ለእንግዶች ሠላሳ በመቶ ቅናሽ አለን፤ ይኸው መልስዎ።»

እትዬ ቀንሱ ምሰሶ ተደግፋ ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ጠራችኝ! አፌን ሳልከፍት ጠራችኝ!» ታናሽየዋ እብነ በረዱ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። «ፈታሁሽ! እትዬ፣ ፈታሁሽ! ዝም ብለሽም ከቀነሱልሽ ቅጣቱ ምን ይሠራል!»

ሩብ ሰዓት ሙሉ አፏን ዘግታ የቆየችው እትዬ ቀንሱ ረጅም ትንፋሽ ሳበች። ዕንባዋን ጠረገች። ወደ ሻጯም ዞረች።

«ሠላሳ አልሽኝ፣ ልጄ? በይ አርባ አድርጊውና እንስማማ።»

አርባ አደረገችላት ወይ ብዬ ሁለቱንም ጠየቅኩ። ታናሽየዋ ሠላሳ አምስት ነው ትላለች። እትዬ ቀንሱ አርባ ነው ትላለች። በዚህ ብቻ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።