ታንኩ ላይ የምትጠብቅ ልጅ

ለሚስቱ ከአዲስ አበባ ታንክ ገዝቶ የመጣ የእስቴ ባል ቢፈለግ ከኔ ባል ሌላ የሚገኝ አይመስለኝም። ለስልጠና ሄዶ ሲመለስ እኔ የጠበቅሁት ሻርፕ ነበር፤ ቢበዛ ጫማ። እሱ ግን ከሻንጣው አንድ የካርቶን ሳጥን አወጣና እንደ እንቁላል በሁለት እጁ ይዞ፣ "ይኸውልሽ፣ ከተጋባን ጀምሮ ስታወሪኝ የኖርሽው" አለኝ። ሳጥኑ ላይ አቧራ እያስነሳ የሚገሰግስ ታንክ ተስሏል። ስከፍተው ግን ታንክ የለም። በፕላስቲክ ፍርግርግ ላይ የተያያዙ፣ አንዳንዶቹ ከስንዴ ፍሬ የማይበልጡ ቁርጥራጮች፣ አንዲት የማጣበቂያ ጠርሙስ፣ እንዲሁም አንድም የማነበው ፊደል የሌለበት፣ ቀስትና ቁጥር ብቻ የሞላው ወረቀት ነበር።

"ታንኩስ?" አልኩት።

"ታንኩን የምትሠሪው አንቺ ነሽ።"

እኔ ቶሎ የሚነደኝ ሰው ነኝ። ሁለታችንም አስተማሪዎች ነን፤ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ በተከራየናት ቤት የምንኖረው እኛና እናቴ ነን፤ እናቴ ደግሞ ያን ጊዜ ነገር እየጠፋባት ነበር። "የማርመው ደብተር ተከምሯል፣ እናቴ ከበር ላይ አልመለስ ብላኛለች፣ አሁን ደግሞ ቁጭ ብዬ ታንክ ልገጣጥም?" ብዬ ሳጥኑን ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ወረወርኩት። ባለቤቴ ወደ ሻንጣው ተመለሰ። እሱ ሲከራከረኝ እንጂ ዝም ሲለኝ አሸንፌው አላውቅም።

የታንኩ ነገር እንዲህ ነው። ያደግሁት ታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ የሁለት ሦስት ሰዓት መንገድ በሚርቅ መንደር ነው። ከቤታችን በላይ፣ መንገዱ ዳር፣ ከደርግ ጊዜው ጦርነት የተረፈ አንድ የተቃጠለ ታንክ ቆሞ ነበር። የማን እንደነበረ ትልልቆቹ ሰዎች ሲከራከሩ እሰማለሁ፤ እኔ ግን ከማንም ይልቅ የኔ ይመስለኝ ነበር። ሰንሰለቱ ተበጥሶ ተንጠልጥሏል፣ አፈሙዙ ወደ መሬት አቀርቅሯል፣ የአናቱ ክዳን እንደተከፈተ ቀርቷል፤ በክረምት በዚያ በተከፈተው አፍ ሣር ብቅ ይላል።

ለመንደሩ ሴቶች ግን ማሸከሚያ ነበር። ከገበያ ሸክም በጀርባዋ ይዛ የምትመጣ ሴት አንዴ ካወረደች መልሶ የሚያሸክማት ሰው ያስፈልጋታል፤ መንገደኛ ጠብቃ "እባክዎ ያሸክሙኝ" ማለት አለባት። ታንኩ ከጎማዎቹ በላይ በወገብ ልክ የተዘረጋ ጠፍጣፋ ብረት ነበረው። ጀርባን አስጠግቶ ሸክሙን እሱ ላይ ማሳረፍ፣ ገመዱን ከደረት ማላላት፣ ትንፋሽ ሲመለስ ገመዱን አጥብቆ መነሳት ነው፤ ማንንም መለመን የለም። አባቴ እኔ ሳላውቀው ስለሞተ እናቴ በየመንገዱ ሰው መለመን ሰልችቷት ነበር። "እሱ እንኳ ሳያጉረመርም ያሸክማል" ትል ነበር ስለ ታንኩ።

ዘወትር አርብ ከሰዓት በኋላ ታንኩ አናት ላይ ወጥቼ እጠብቃታለሁ። ከዚያ ላይ ሆኖ ከማዶ ቁልቁለቱን የሚወርደው ገበያተኛ ሁሉ ይታያል፤ እናቴን ከሰው ሁሉ መሃል በአረማመዷ፣ ወደ ግራ ዘመም በማለቷ እለያታለሁ። ደርሳ ሸክሟን ታሳርፍና የነጠላዋን ጫፍ ቋጠሮ ትፈታለች። ከረሜላ አለ። ከዚያ "ነይ ውረጂ" ብላ በብብቴ ይዛ ታወርደኛለች፤ ብቻዬን መውረድ እንደምችል ሁለታችንም እናውቃለን።

ከመውደዴ ብዛት ከአጎቴ ልጆች ጋር ወንዝ ዳር በጭቃ ታንክ እሠራ ነበር። አፈሙዙ የማሽላ አገዳ፣ ጎማው ቆርኪ። የነሱ ታንክ ይጋጫል፣ ይፈርሳል፤ የኔ ቆሞ ሸክም ይጠብቃል። አክስቴ አንድ ቀን "ሴት ልጅ ከጭቃ ድስት ስትሠራ እንጂ ታንክ ስትሠራ አላየሁም" ስትለኝ አፈርኩና እጄን ታጠብኩ፤ በዚያው ቀረ።

አንድ አርብ ታዲያ ዝናቡ ዶፉን አወረደው። ወንዙ ሞልቶ ገበያተኛው ማዶ ቀረ። እኔ ቤት መግባቱን ትቼ በክዳኑ በኩል ታንኩ ውስጥ ገባሁና እንቅልፍ ወሰደኝ። ወንዙ ጎድሎ እናቴ ስትደርስ ለዓይን ያዝ አድርጓል፤ ቀና ብላ ብታይ ታንኩ ላይ ማንም የለም። ሸክሟን ለመጀመሪያ ጊዜ መሬት ላይ ወረወረችው፤ ጨው ጭቃ ውስጥ ተዘራ። የነቃሁት "ልጄን ጅብ በላት!" እያለች ስትጮህ ነው። ጥላሸት ለብሼ በክዳኑ ብቅ ስል መጀመሪያ በጥፊ አለችኝ፣ ቀጥላ አቀፈችኝ፣ ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋን ለቀቀችው። ካደግሁ በኋላ እንግዳ በመጣ ቁጥር የምናወራው የቤታችን መሳቂያ ይሄ ነበር።

ታንኩን በኋላ ብረት ገዢዎች ቆራርጠው በመኪና ጫኑት። እኔም ተምሬ፣ ተቀጥሬ፣ አግብቼ እስቴ ገባሁ።

እናቴን ወደኛ ያመጣኋት እሳት ላይ የጣደችውን መርሳት ስትጀምር ነው። ጠዋት ጠዋት ደህና ናት፤ ትጸልያለች፣ ጥጥ ትፈትላለች፣ ባለቤቴን ትመርቃለች። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ግን ትነሳለች። መቀነቷን ታጠብቃለች፣ ነጠላዋን ታደገድጋለች፣ የሸክም ገመዷን ትፈልጋለች፤ ከዚያ እኔ ፊት ቆማ እጅ ትነሳለች።

"እግዜር ይስጥልኝ እሜቴ። አበሉኝ፣ አጠጡኝ። እንግዲህ ሳይመሽብኝ ልሂድ፤ ልጅቱ ታንኩ ላይ ብቻዋን ናት።"

"እማዬ፣ ልጅቱ እኮ እኔ ነኝ።"

ሽበቴን አየት ታደርግና ታዝንልኛለች። "እርስዎማ ትልቅ ሴት ነዎት። የኔዋ ገና የወተት ጥርሷን ነቅላ አልጨረሰችም።"

በሩን እቆልፋለሁ። እስኪመሽ ድረስ መዝጊያውን ይዛ ታለቅሳለች። ከጤና ጣቢያ የሰጡን ክኒን አስተኛት እንጂ አላጽናናትም፤ ስትነቃ ያንኑ ትላለች። የንስሐ አባታችን መጥተው ጸበል ሲረጩላት፣ ጸበሉ ፊቷ ላይ እስኪደርቅ ድረስ ተረጋግታ ነበር። እናት እንዲህ ስትጨነቅ ማየት አንጀት ይበላል፤ እኔ ደግሞ አንጀቴ ሲበላ እቆጣለሁ፤ ተቆጥቼ ስጨርስ ማድ ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ።

አንድ ቀን እንዲሁ እያለቀስኩ ሳለሁ ነው ሳጥኑ ትዝ ያለኝ። ታንኩን ሠርቼ ባሳያትስ? ማንም እንደሌለበት ብታይ፣ ልጅቱ ቤቷ ገብታለች ብላ ትረጋ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ለባለቤቴ ስነግረው ወንበር ላይ ወጥቶ ሳጥኑን አወረደልኝ።

ጭቃ የለመደ እጅ ለፕላስቲክ እንግዳ ነው። መጀመሪያ ያጣበቅሁት የገዛ አውራ ጣቴን ነበር። ጎማዎቹን ወደ ውስጥ አዙሬ ገጠምኳቸው፤ ነቅዬ ደግሜ ሠራሁ። ቁርጥራጮቹን የምይዘው እሾህ በምናወጣበት ወረንጦ ነው፤ አንዷን አስፈንጥሬያት ስንፈልግ ስንፈልግ ከባለቤቴ ጫማ ውስጥ ተገኘች። ባለቤቴ በስልኩ ቪዲዮ ይከፍትልኛል፤ አንድ የውጭ አገር ሽማግሌ እጁ ሳይንቀጠቀጥ ይገጣጥማል፣ ቀለም ይቀባል። "አየሽ፣ ረጋ ብሎ ነው" ይለኛል። እኔ እንኳን እጄ አፌም ረግቶ አያውቅ። የሥራ ጓደኞቼ ሰምተው "ጄኔራል" እያሉ ይጠሩኝ ጀመር።

እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይለኝ ነበር። ትምህርት የተዘጋበት ጊዜ ነበርና ጠዋት ጠዋት እናቴ መስኮቱ ሥር ጥጥ ስትፈትል እኔ አጠገቧ እገጣጥማለሁ፤ ሁለታችንም እጃችን ላይ አቀርቅረን ከውጭ የዝናቡን ድምፅ እንሰማለን። አንዴ እንዝርቷን አቁማ ስታየኝ ቆየችና "ሙያ ያለዎት ሴት ነዎት እሜቴ" አለችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የኮራሁበት ምስጋና የለም።

ሲያልቅ የሳጥኑን ሥዕል መሰለ፤ አረንጓዴ፣ አፈሙዙ ቀና ያለ፣ ሰንሰለቱ የተሟላ። ለእናቴ ሳቀርብላት አገላብጣ አየችውና "ምንድን ነው፣ ወፍጮ ነው?" አለች።

መጀመሪያ በገንኩ፤ ቆይቶ ገባኝ። የኛ ታንክ የተቃጠለ ነው፤ እናቴ ደህና ታንክ የት ታውቃለች? ወስፌ ፍም ውስጥ ከትቼ አጋልኩ። ሰንሰለቱን በምላጭ በጠስኩት፤ አፈሙዙን በጋለው ወስፌ አለስልሼ ወደ መሬት ደፋሁት፤ ክዳኑን ከፈትኩት።

"ኧረ አንቺ ሴትዮ! ያን ያህል ደክመሽበት?" አለ ባለቤቴ ራሱን ይዞ።

"ያ የሳጥኑ ታንክ ነበር። የኛ የሚሆነው ገና አሁን ነው።"

ከአሮጌ ቆርቆሮ ዝገት ፍቄ በማጣበቂያ ለሰንኩት፤ ከኩራዝ ጥላሸት ወስጄ አፉን አጠቆርኩ፤ በክዳኑ በኩል ደረቅ ሣር ተከልኩ። ከሰዓት በኋላ እናቴ መቀነቷን አጥብቃ ስትነሳ በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። አየችው። ጣቷ በቀጥታ ወደዚያ ወደ ጠፍጣፋው ብረት ሄደ፤ ዳበሰችው። "እሱው ነው" አለች፤ ፊቷ በራ። ቀጥሎ ዓይኗ ወደ አናቱ ወጣ።

"ልጅቱስ?"

"ቤቷ ገብታለች እማዬ። አየሽ፣ ማንም የለም።"

"የለችም! ልጄን! ልጄን ጅብ በላት!" ብላ ጎረቤት እስኪሰበሰብ ድረስ ጮኸች፤ ልክ እንደዚያን ቀን። ያን ሁሉ ዓመት እየሳቅን ያወራነውን እኔው ዘንግቼዋለሁ። ያኔ እናቴን ያስደነገጣት ባዶ ታንክ ነበር። እኔ ሳቁን ብቻ ይዤ ሳድግ ድንጋጤው እሷ ጋ ቀርቶ ኖሯል።

በማግስቱ ልጅቱን ሠራኋት። ለዚህ መመሪያ ወረቀት የለም፣ ቪዲዮም የለም። እናቴ ለቤተ ክርስቲያን ካስቀመጠችው ጧፍ ሰም ወስጄ በመዳፌ አሞቅሁ። ከጣት አንጓ የማትበልጥ፣ ጉልበቷን አቅፋ የተቀመጠች ልጅ ወጣችኝ፤ ጋሜዋን በጥላሸት ቀባሁላት። ፊቷን በመርፌ ጫፍ ልሠራ ስል ግን እጄ ተያዘ። ያን ጊዜ ምን እመስል እንደነበር አላውቅም፤ ፎቶ የለኝም። የሚያውቀው ሰው እናቴ ብቻ ናት። እንደነገሩ አድርጌ ጨረስኩና ማዶውን እንድታይ አዙሬ ታንኩ አናት ላይ አስቀመጥኳት።

ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። እናቴ ተነሳች፣ አደገደገች፣ ወደ በሩ መጣች። ጠረጴዛው ጋ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ ዞረችና፣ ምንም ያልተሸከመ ጀርባዋን ቀስ ብላ ወደ ታንኩ አስጠጋች። የሌለውን ገመድ ከደረቷ አላላች። እፎይ ብላ ትንፋሿ እስኪመለስ ቆየችና ዞር ብላ አየች።

"አለሽልኝ! እሰይ የኔ እመቤት፣ አለሽልኝ!"

"ነይ ውረጂ" አለቻት ቀጥላ። በሁለት ጣቷ በብብቷ ይዛ አወረደቻት፣ ሳመቻት፣ የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ እዚያ ውስጥ ቋጠረቻት። እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ ጣቶቿ የኔን ብብት የያዙኝ መሰለኝ። ቋጠሮውን አጥብቃ ስትጨርስ ወደኔ ቀና አለች።

"እሜቴ፣ ልጅቱ ደክሟታል። ዛሬን እዚሁ ቢያሳድሩን?"

መንገደኛ እንዲህ ሲል ምን እንደሚመለስለት ያስተማረችኝ እሷው ናት። "ቤት የእግዜር ነው" አልኳት። "እደሩ።"

ከዚያ ወዲህ በሩን ቆልፌ አላውቅም። ከሰዓት በኋላ ትነሳና ቋጠሮዋን ዳብሳ ማደሪያ ትጠይቀኛለች፤ እፈቅዳለሁ፤ ተመልሳ ትቀመጣለች። ነጠላዋን ሳጥብ ልጅቱን የምይዝላት እኔ ነበርኩ። "አደራ እሜቴ፣ እንዳይጥሉብኝ" ትለኛለች። ያ የተጨነቅሁበት ፊት በገላዋ ሙቀት ቀልጦ ብዙም ሳይቆይ ጠፋ። ባለቤቴ "ደግመሽ ሥሪያት እንጂ" ቢለኝም እምቢ አልኩ፤ እናቴ እንደሆነች ታውቃታለች።

እናቴ ስታርፍ ሊገንዟት የመጡት ሴቶች ቋጠሮውን አይተው ምንድን ነው አሉኝ። "እሱን አትፍቱት" አልኳቸው።

ታንኩ ዛሬም መስኮታችን ላይ አለ። አናቱ ላይ የሰም ምልክት ቀርቷል። እንግዳ አይቶ "እዚህ ጋ ምን ነበር?" ሲለኝ፣ "ልጅ ነበረች፤ እናቷ መጥታ ወሰደቻት" እላለሁ።