ከቀኝ የተነበበው ሥዕል

ይህ የሆነው ንጉሡ ሊወርዱ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው፣ በክረምት መግቢያ፣ መካነ ሰላም ላይ ነው። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁትም። ፊደል የቆጠርሁት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ከዚያ በኋላ ለመጻፍም እጅ እንጂ ድፍረት አላገኘሁም።

ያን ጊዜ እርዳታ የሚታደልበት መጋዘን ውስጥ ጆንያ እሸከም ነበር። በሬዎቼን ረሃቡ ጨርሷቸዋል። ዝናቡ ሲመለስ ከደሴ የዘር ስንዴ በመኪና መጣ። ስንዴው ቀይ ነው፤ እንዲህ ያለ አይተን አናውቅም። አብረውት አንድ ኃላፊና አንዲት ሥዕል የምትሥል ልጅ እግር ሠራተኛ መጡ። ሦስት ሥዕል በተርታ ያለበት፣ ጽሑፍ የሌለው ወረቀት ይዘዋል።

ልጅቱ እህሉ ከመታደሉ በፊት ወረቀቱን ለሰው ማሳየት ፈለገች። ኃላፊው ፊቱን አኮሳተረ።

«ሥዕል ነው እኮ። ሥዕል ማን ይጠፋዋል?»

«አንድ ሰው እንኳ ልጠይቅ» አለች።

ቅርብ የነበርሁት እኔ ነኝ። ጆንያውን ከትከሻዬ አውርጄ ቆምሁ። ወረቀቱን ዘርግታ «ምን ታያለህ?» አለችኝ። አንዱ ቆሟል፣ አንዱ ይበላል፣ አንዱ ተጋድሟል። ሦስት የተለያዩ ሰዎች መሰሉኝ። ሥዕሎቹ ምን ሊሉ እንደፈለጉ አልገባኝም። አፌን ስከፍት ኃላፊው ቀደመኝ።

«ገባህ ወይስ አልገባህም? ሰልፉን አታየውም?»

አልገባኝም ብል ደንቆሮ ብሎ በማግስቱ ሌላ ተሸካሚ ያስገባል። «ገብቶኛል ጌታዬ» አልሁ።

ልጅቱ ልትጨምር ስትል «በቃ፣ ባላገሩ ራሱ ገባኝ አለ» ብሎ እደላውን አስጀመረ። ለዘር ነው ከመባሉ በቀር ስለ ስንዴው በቃል የነገረን የለም። ወረቀቱ ይናገራል ተባለ። ለእያንዳንዱ አባወራ ከእህሉ ጋር አንድ አንድ ወረቀት ተሰጠ።

ባለቤቴ ዘይነባም ድርሻችንን ወሰደች። በሩ አጠገብ ሰዉ ሸህ አሊን ከቧል። ሸህ አሊ ለልጆች ቁርአን የሚያቀሩ፣ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው፤ ወረቀት የመጣበት ሁሉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ለእሳቸው ነው የሚያሳየው። አተኩረው አዩና እንደ ዐረብኛ ኪታባቸው ከቀኝ ጀመሩ። ጣታቸውን ወደ ግራ እያስኬዱ፣

«ሰውየው ታሞ ተኝቷል። ይህን ቀዩን ስንዴ በላ። ይኸው ተነሥቶ ቆመ። አልሐምዱሊላህ» አሉ።

«ታዲያ ሁሉን ለመሬት ልንሰጠው ነው? መሬቱ ብቻ ነው እንዴ የታመመው?» አለች አንዲት ሴት። ሰዉ ሳቀ። ሳቅ ከሰማሁ ስንት ወር ሆኖኝ ነበር።

እኔም ዘይነባን «ሂጂ፣ ለእማ ትንሽ ቀቅዪላት» አልኋት። እናቴ ከተኛች ሰንብታለች።

ከቀትር በኋላ መጋዘኑን ስንጠርግ የፈሰሰ ስንዴ በእፍኜ ዘገንሁና ወደ አፌ አስጠጋሁ። ልጅቱ እጄን መታችው።

«ምን ነካህ? ነቀዝ እንዳይበላው መርዝ የተቀባ ዘር ነው። ገብቶኛል ብለህ የለም?»

«ሰውየው በልቶ ተነሣ አይደል?»

«ማን ተነሣ? ቆሞ ነበር፣ በላ፣ ሞተ።»

ሸህ አሊ እንዴት እንዳነበቡት ነገርኋት። ፊቷ አመድ መሰለ። ኃላፊው «እናንተ ሰዎች…» ብሎ ጀመረና ተወው። እሷ ወደ ሸህ አሊ ቤት ሮጠች፤ እኔ ወደ ቤቴ።

ቤቴ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። በመንገድ ያገኘሁትን ሁሉ «እንዳትበሉ» እያልሁ ሮጥሁ፤ እብድ ነው ብለው ገለል አሉልኝ። አፋፉ ላይ ስደርስ ከቤቴ ክዳን ላይ ጭስ አየሁ። ወድቄ ተነሣሁ።

ስገባ ድስቱ ወርዷል። ልጆቼ ከበውት ይጠብቃሉ፤ በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሳይቀምስ ልጅ እጁን አይሰድም። እናቴ አንድ እፍኝ ንፍሮ በልታ ሁለተኛውን ይዛለች። እጇን ጨምድጄ ያዝሁት።

«ምነው ልጄ፣ ለእኔ ሳሳህ?» አለችኝ።

ድስቱን በእግሬ ገለበጥሁት። ልጆቹ አለቀሱ።

እናቴን ሦስት ቀን አስመለሳት። ተረፈች፤ እጇ ግን እስክትሞት ይንቀጠቀጥ ነበር። ሸህ አሊ ያን ዕለት እስከ መግሪብ ሶላት በየመንደሩ እየዞሩ ድስት አስደፉ። ልጅቱም ወረቀቱን ሁሉ ለቅማ ሌላ ሣለች ተባለ፤ አዲሱን ይዛ ገበያ ውስጥ ተቀምጣ፣ አሮጊቱንም ነጋዴውንም «ያያችሁትን በአፋችሁ ንገሩኝ» እያለች ዋለች።

ሸህ አሊ ቤታችን መጡና ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ።

«አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ፤ መርዝ ያበላኋችሁ እኔ ነኝ።»

«አንቱ ምን አደረጉ ሸህዬ፣ ያዩትን ነው የነገሩን» አለች እናቴ።

እኔ ምሰሶውን ተደግፌ ቆሜ ነበር። ልጅቱ አስቀድማ ያሳየችው ለእኔ ነው፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ውሃ አቀረብሁላቸው እንጂ አላልሁም።

ከዚያ ወዲህ ሸህ አሊ የማንንም ወረቀት አላነበቡም። ሰው ሲያመጣላቸው «ዓይኔ ደክሟል» ይሉ ነበር። ውሸታቸውን ነው፤ ቁርአን ሲያቀሩ ዓይናቸው አንድ ሐርፍ፣ አንዲት ፊደል አይስትም ነበር።

ያን ኃላፊ ዛሬም አልምረውም። ግን እሱ የጠየቀው እኔን ነው። ሸህ አሊ ሲሞቱ ቃሬዛቸውን ከያዙት አንዱ እኔ ነበርሁ። ሰዉ ሁሉ አፉ ይባባላል፤ እኔ አፌን ዘግቼ ቀበርኋቸው።