ጥሬ ሙዝ በዓሣ

የበደለችኝ የባሌ እህት እታገኝ ናት። በካሪቢያን ደሴቶች ጥሬ ሙዝ ተቀቅሎ በዓሣ እንደሚበላ አንብቤ፣ የሴቶች ማኅበራችን እኔ ቤት ሲውል በጣና ዓሣ ሠራሁት። የጥሬ ሙዝ ሙጫ እጅ ስለሚያጠቁር ዘይት ተቀብቼ ነው የላጥሁት። እሷ ግን ሳትቀምስ፣ «ኧረ ጉድ! ይኼንን የፎገራ ከብት እንኳ አይበላውም!» ብላ ሴቶቹን ሁሉ አሳቀችብኝ። ምግቤ ሳይነካ ተመለሰ፤ እኔም ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ።

የእሷ ተራ ሲደርስ ያንኑ ምግብ አቀረበችልን! በእኔ የሳቁት ሴቶች የእኔን ረስተው፣ «ጣት ያስቆረጥማል! ማን አስተማረሽ?» አሏት።

«ከራሴ ያፈለቅሁት ነው» አለች፣ ዓይን ዓይኔን እያየች።

ይባስ ብላ ልታጎርሰኝ እጇን ስትዘረጋ፣ ጣቶቿ ከሰል መስለዋል። እጇን ለቀም አድርጌ ለሁሉም አሳየሁና፣

«እታገኝ እህቴ፣ ሌላ ጊዜ ስትሰርቂ እጅሽን ዘይት ተቀቢ!» አልኋት።