ባዶውን የተመለሰ ሳህን

ኪቶ ከተማ፣ ዳገት ላይ ባለው ሰፈር የሴትዮዋን ስም የሚጠራ የለም፤ ለሁሉም «እማማ» ናት። ግራጫ ሻል ትደርባለች፤ የወንድ ጫማ ትጫማለች። የማን ነው ሲሏት «እግሬ ለምዶታል» ብላ ታልፋለች። ሰሞኑን የጎረቤቷ የዞይላ ሕፃን በትኩሳት ስትነድ አቅፋት ያደረችው እሷ ናት።

በየስቅለቱ የእህልና የደረቅ ዓሣ ሾርባ ሠርታ ጎረቤቱን በየሳህኑ ታዳርሳለች። በሰፈሩ ወግ ደግሞ ሳህን ባዶውን አይመለስም፤ ድንችም ይሁን እንቁላል ጣል ይደረግበታል።

ዘንድሮ ሰፈሩን ለዘረፈው ሌባ እናትም አደረሰች።

«እሷን ደግሞ ምን ቤት ናት ብለሽ ነው?» ብለው ጎረቤቶቿ ጮኹባት።

«ሌባ የወለደች አይርባትም?» አለች።

ከሰዓት በኋላ ሳህኖቹ ታጥበው፣ ባዷቸውን ደጃፏ ላይ ተደረደሩ። ዞይላም ጎረቤት እንዳይቀየማት ፈርታ የደረሳትን ሳህን ባዶውን አስቀመጠችና ሮጣ ገብታ ከመስኮቷ ጀርባ ቆመች።

እማማ ወጣች። ጠርዙ የተሸረፈውን፣ ለዞይላ የሰጠችውን ሳህን አነሳች። የሆነ ነገር የጠፋባት ይመስል ውስጡን በእጇ ዳበሰችው። ከዚያ ወደ መስኮቱ ቀና አለች።

«ዞይላ፣ ልጄ፣ የሕፃኗ ትኩሳት በረደላት?»

ዞይላ መጋረጃውን ስባ መስኮቱን ጋረደችው።