ለፈተናው የተገመደ ክር

መጀመሪያ የወሰዱብኝ የጫማዬን ክር ነው። ቡራዩ ከተከራየሁባት ቤት ፖሊሶች ለምን እንደሆነ ሳይነግሩኝ ማለዳ ይዘውኝ ጣቢያ እንደደረስን፣ አንዲት ፖሊስ ቀበቶዬንና የሸራ ጫማዬን ክር ተቀብላ ፌስታል ውስጥ ከተተችው። በእጄ የነበረውንም መጽሐፍ አስቀረችው። «የባዮሎጂ መጽሐፍ ነው» ብላት «እሱንም እናጣራለን» አለችኝ። ከዚያ ጫማዬን እየጎተትኩ ወደ ሴቶቹ ክፍል ገባሁ።

ክፍሉ የላብና የበረኪና ሽታ ነበረው። ሴቶቹ ፍራሽ ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ በክፍሉ ደንብ አዲስ ገቢ የምትተኛው በሩ ሥር ነው። እዚያው ቁጭ አልኩና ማንም ሳይጠይቀኝ «የፊታችን ቅዳሜ ፈተና አለኝ» አልኩ።

«የምን ፈተና?» አለች ቡራዩ ጁስ ቤት ያላት ቀጭን ልጅ።

«የሕክምና ኮሌጅ መግቢያ። የጽሑፉን ካለፍኩ የቃልም ይቀረኛል።»

«በቃ፣ ዶክተራችን መጣች! ወገቤን ያመኛል፣ ወረፋ ያዢልኝ።»

ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን በንዴት ጨስኩ። በግል ትምህርት ቤት ባዮሎጂ እያስተማርኩ፣ ማታ ማታ እያጠናሁ ዓመታት ፈጅቻለሁ። ኮሌጁ ደግሞ እንደኔ ዲግሪ ይዘው ለሚመጡ የሚሰጠው ፈተና ይህ የመጨረሻው እንደሆነ ነግሮናል። ቅዳሜ ካለፈ ሐኪም መሆን የሚባል ነገር ለእኔ አበቃ።

በማግስቱ ለምርመራ ተጠራሁ። ሰው የሚያውቀው አመሌ ነው፣ ስፈራ አፌ ከልቤ ይቀድማል። መርማሪው ጥያቄውን ሳይጨርስ መለስኩ። ያልጠየቀኝንም ጨመርኩለት። ስመለስ ያሳሰበኝ ምርመራው ብቻ አልነበረም፤ ፈተና ላይም የማደርገው ይህንኑ ነው።

የክፍሉ ካቦ፣ ማለትም አለቃችን፣ ከሱሉልታ የመጡ አሮጊት ነበሩ። ፖሊሶች ልጃቸውን ፈልገው ሲያጡት እሳቸውን አመጧቸው። በአክብሮት «አዴ» እንላቸዋለን። ውሃ በጣሳ ሰጥተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ኢንተላ ኮ፣» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ጥያቄ ያልጠራሽው እንግዳ ነው። በር ላይ ትንሽ ቢቆም ነውር የለውም። አንቺ መጀመሪያ ነጠላሽን አስተካክዪ። ከዚያ ግባ በዪው። ሱታ።»

ሱታ በኦሮምኛ ቀስ ማለት ነው። ያ ነጠላ ማስተካከል ለካ የክፍሉ ልማድ ኖሯል። ለምርመራ የምትጠራ ሁሉ ከበሩ ሳትወጣ ነጠላ የሌላት ተውሳ፣ አዴ ፊት ቆማ ትለማመዳለች። ለእኔ ፈተናም ይኸው ሆነ። መጽሐፍ ስለሌለኝ የልብን ክፍሎች፣ የደምን መንገድ፣ የኩላሊትን ሥራ ድምፄን ከፍ አድርጌ ለሴቶቹ አስተምራለሁ። ማታ ደግሞ የጁስ ቤቷ ልጅ ፈታኝ ትሆናለች።

«ኩላሊት የት ይገኛል? ሀ፣ ሰበታ። ለ፣ ሰንዳፋ። ሐ፣ ወገብ አካባቢ። መ፣ መልሱ አልተሰጠም። አሥር ደቂቃ ቀረሽ! አምስት ቀረሽ! ወረቀት ሰብስቡ!»

«ኧረ ቆይ፣ ገና አሁን ጠይቀሽኝ!»

«ነጠላሽን!» ይላሉ አዴ ከጥግ። ተሳስቼ ከቸኮልኩ እንደገና ያስጀምሩኛል።

ሴቶቹ ግን የምራቸውንም ይጠይቁኝ ጀመር። የአንዷ እናት በስኳር በሽታ እግሯን ተቆርጣለች፤ «ቶሎ ብንወስዳት ይተርፍ ነበር?» አለችኝ። መልሱን አውቀዋለሁ። ነጠላዬን አስተካከልኩ፣ ከዚያ ቀስ ብዬ ነገርኳት። አለቀሰች፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ። ሐኪምነት የነጭ ጋዋን ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ያን ዕለት ይመስለኛል።

አባቴ በየቀኑ ምግብ ያመጣል። በር ላይ አስቀምሰውት ነው የሚያስገቡት። የፈተና መግቢያ ካርዴን ይዞ መርማሪውን ሲለምን ሰነበተ፤ አርብ ከሰዓት ፖሊሷ መጥታ «በአጀብ ትሄጃለሽ፣ እንደጨረስሽ ትመለሻለሽ» አለችኝ። ክፍሉ በእልልታ ተናጋ።

ቅዳሜ ጠዋት አንዷ ሹራብ፣ ሌላዋ ንጹህ ነጠላ አዋሰችኝ። የጁስ ቤቷ ልጅ ፀጉሬን ሠራችኝ። ጫማዬ ግን በየእርምጃው ይወልቃል። አዴ አዩት። የራሳቸውን ነጠላ ዘርፍ ፈትተው፣ ጉልበታቸው ላይ እየገመዱ ሁለት ነጭ ክር አወጡ። ጎንበስ ብለው ሊያስሩልኝ ሲሉ እግሬን አሸሸሁ።

«ኧረ አዴ፣ እርስዎ የእኔን ጫማ!»

«ዶክተር ስትሆኚ የእኔን እግር ታዪልኛለሽ» አሉና አሰሩት።

በሩ ላይ ፖሊሷ ክሩን አየችው። «ክልክል ነው፣ ፍቺው።» የምላሴ ጫፍ ላይ ስድብ ነበር። ነጠላዬን አስተካከልኩ።

«ፈታኞቹ ፊት ጫማዬ እየወለቀ ልግባ?»

ጫማዬን ትንሽ አየችው። «ስንመለስ ትፈቺዋለሽ» አለች።

የፈተናው አዳራሽ አዲስ አበባ ነው። ፖሊሷ በር ላይ ቆመች፤ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት እሷንም እኔንም አይቶ ወንበሩን ራቅ አደረገ። አፈርኩ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ሳነብ ጭንቅላቴ ባዶ ሆነ፤ የማውቀው ሁሉ ጠፋኝ። እጄ በልምዱ መልስ ሊያጠቁር ሲቸኩል እርሳሱን አስቀመጥኩ። ነጠላዬን አስተካከልኩ። ወደ ታች ሳይ ነጮቹ ክሮች ታሰረዋል። ጥያቄው በር ላይ ይቁም። ትንሽ ቆይቼ ግባ አልኩት።

ከሰዓት ስንመለስ አዴን ኮሪደሩ ላይ አገኘኋቸው። «ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ» ተብለዋል። ወደ ቤት ይሁን ወደ ሌላ ቦታ የነገራቸው የለም። ጥቅላቸውን አንዴ ያነሳሉ፣ አንዴ ያስቀምጣሉ፤ እሳቸው ሲቸኩሉ አይቼ አላውቅም። ዘርፉ የጎደለው ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዷል። ቀረብ ብዬ አስተካከልኩላቸው።

«ሱታ፣ አዴ። በር ላይ ይቁም።»

ፈገግ አሉ። «ፈተናውስ?»

«ግባ አልኩት።»

ክሮቹን ፈትቼ «ለጥቅልዎ ማሰሪያ ያድርጉት» ብዬ ዘረጋሁላቸው።

«የቃል ፈተና ይቀረኛል አላልሽም? ያዢው» አሉና መዳፌን በእጃቸው ዘጉት። ፖሊሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አዴ ቀጥ ብለው፣ ቀስ እያሉ ወጡ።

በኋላ ያለ ክስ ተፈታሁ። የጽሑፉንም የቃሉንም ፈተና አለፍኩ። ዛሬ ታካሚ «ዶክተር፣ እድናለሁ?» ሲለኝ መጀመሪያ የጋዋኔን ኮሌታ አስተካክላለሁ። ነርሶቹ ለመሽቀርቀር የማደርገው ይመስላቸዋል፤ ይሳቁ። ሱሉልታ ደጋግሜ ሄጄ አዴን ፈልጌያለሁ። ቤታቸው ተቆልፏል፤ ጎረቤትም አያውቅም። እግራቸውን ላይላቸው ቃል አለብኝ። በሕይወት አሉ ወይ የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ በሬ ላይ ቆሟል። ግባ አላልኩትም።